ወደ ውስጥ የሚሳብ አዎን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ያለምዘውድ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ እንደ አምናው አስቸገረዎት ወይስ ዘንድሮ ራራልዎት? የጋሼ አባተ የዓይን ሕክምና ከምን ደረሰ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔና ልጄ ናዖድ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኞች ነን። ናዖድ በቁመት በልጦኝ ሄዷል። በአማርኛ የምነግረውን ሁሉ ይሰማል፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚወረውርልኝ። ደብዳቤዎ በፋሲካ ሰሞን ደርሶኛል። እስካሁን ዝም ያልኩት የሥራዬ ነገር ቁርጡ ሳይታወቅ ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ነው። አሁን ታወቀ።

የጠየቁኝ እዚህ አዲስ መምህር ሲያሠለጥኑ በክፍል ሥራ ላይ ምን ምን እንደሚያሳዩት ነው። ማሠልጠኛ ተቋሙ ውስጥ ለያዟቸው እጩዎች ይጠቅመኛል ብለዋል። እነግርዎታለሁ፤ ግን እንደደረሰብኝ ነው የምነግርዎ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጬ ልጽፍልዎ አልችልም።

አምና የካሊፎርኒያ መንግሥት በትንንሾቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከሃያ ልጅ በላይ አይያዝ አለ። ሃያ ልጅ እኛ ዘንድ አንድ ረድፍ ነው። ይህ ሁሉ ክፍልና መምህር በአንድ ክረምት ከየት ይምጣ? ለክፍሉ የጣውላ ቤት በመኪና እየጎተቱ የትምህርት ቤቱ ጓሮ ላይ አቆሙ። ለመምህሩ ደግሞ ዲግሪ ያለውንና አንድ ፈተና ያለፈውን ሁሉ ኢመርጀንሲ ፐርሚት በሚሉት ጊዜያዊ ፈቃድ ሰበሰቡ። እኔም ኮንኮርድ ውስጥ ሽማግሌዎች ከማጥብበት ቤት ወጥቼ ኦክላንድ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። ደሴ ላይ ያስተማርኩት ዘመን እዚህ አልተቆጠረልኝም። አዲስ ነሽ፣ ሥልጠና ግቢ ተባልኩ። አብረውኝ ከሚሠለጥኑት አንዱ መኪና ሻጭ የነበረ ነው፣ አንዷ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ።

ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ነው። ኩምሳ የሚባል የነቀምቴ ሰው፣ ድሮ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ፣ ከሪችመንድ መጥቶ በመኪናው ይወስደኛል። የሚያሳዩን ነገር ሞኝነት አይደለም፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ጠዋት በር ላይ ቆመሽ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ተቀበዪ ይላሉ። ክፍሉ ጸጥ ሳይል አፍሽን አትክፈቺ። ሰሌዳው ሥር አትተከዪ፣ በልጆቹ መሐል ተራመጂ። የሚረብሸውን ከሩቅ አትጩኺበት፣ ሄደሽ አጠገቡ ቁሚ። ጥያቄ ከጠየቅሽ በኋላ በሆድሽ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልጁ ሲመልስም እንዲሁ ቁጠሪ፣ ፊትሽ ምንም አይበል፣ እንዲያስብ ተዪው። እኛን እኮ እንዲህ ያለውን ማንም አላሳየንም። የሥነ ልቦናን ምዕራፎች በቃል አሸምድደው፣ ጠመኔና አለንጋ አስይዘው ሰባ ልጅ ፊት አቆሙን። ይህን ስጽፍ እርስዎን ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ።

በየካቲት የሥልጠናው ተቆጣጣሪ ካረን ክፍሌ ልታይ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ከኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ ቆየችና ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ፣ «ሚስ ዌይን፣ ልጆቹ በመለሱልሽ ቁጥር ለምንድን ነው የምትደነግጪው?» አለችኝ። ዌይን ያደረጉኝ ሀረገወይን ማለት አቅቷቸው ነው፤ የወንድ ስም እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። አልደነገጥኩም አልኳት። «ደንግጠሻል እንጂ፣ እንዲህ ነው የምትዪው» ብላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ፣ ቅንድቧን ሰቅላ አሳየችኝ። እባብ ያየች ትመስላለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ፣ እርስዎም ያደርጉታል፣ እናታችንም ታደርገው ነበር፣ የማያደርገው ማን አለ? ሰው ሲነግረን አዎን፣ ልክ ነው ለማለት ትንፋሽ ሳብ የምናደርጋትን ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንደማደርገው እንኳ አላውቅም ነበር። ለካረን አስረዳኋት። «እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ «ልጆቹ ግን ይህን አያውቁም፤ የሚያዩት የደነገጠች መምህርት ነው» አለችና ወረቀቷ ላይ አሰፈረችው።

ልጆቹ ግን ያውቁ ነበር። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ገብቷቸዋል። በተለይ ኪያና የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፣ ስትመልስ ዓይኗ አፌ ላይ ነው። ትንፋሼን ስስብ ደስ ብሏት ትቀመጣለች፤ ካልሳብኩ ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ደግማ ታስባለች። በኋላ ራሷም ጀመረችው። ጨረስሽ ወይ ስላት ትንፋሿን ሳብ ታደርግልኛለች። እኔም ሞኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰፈራችን ወደቡ አጠገብ ነው፣ የጭነት መኪናው ጭስ አይጣል ነው፣ አስም ያለበት ልጅ ብዙ ነው። የኪያና እናት እራት በልተሻል ወይ ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። ጥርስሽን ታጠብሽ ስትላት አሁንም ሳብ። እናት ደንግጣ ክሊኒክ ይዛት በረረች። ሐኪሙ ደረቷን ቢያዳምጥ ምንም የለም። ለምንድን ነው እንዲህ የምትተነፍሺው ቢላት፣ «አዎ እያልኳችሁ እኮ ነው፤ ሚስ ዌይን አዎ የምትለው እንደዚህ ነው» አለችው። በማግስቱ እናትየዋ ሥራዋን ትታ መጣች። ልጆቹ ፊት በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄን መታፈን የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ? እኔ ወንድሜን የቀበርኩት በዚህ በሽታ ነው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሳትሰማኝ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ባህልሽን አከብራለሁ፣ ነገር ግን አቁሚው አለኝ። ካረን በግንቦት ተመልሳ በቪዲዮ ትቀርጸኛለች፣ እሷ ካላሳለፈችኝ ፈቃዴ ለከርሞ አይታደስም። ፈቃዴ ካልታደሰ ደግሞ ወደ ኮንኮርድ፣ ወደ ሌሊት ፈረቃ ልመለስ፣ ናዖድም ብቻውን ይደር ማለት ነው።

እንግዲህ አዎን ማለትን እንደገና ተማርኩ። መምህሬ ኩምሳ ነበር። ሳን ሆዜ ስንሄድ መሪውን ይዞ ጥያቄ ያወርድብኛል፤ ትንፋሼን በሳብኩ ቁጥር ጡሩምባውን ያስጮኸዋል። «ሀረግ፣ ቅዳሜ ነው ዛሬ?» ሳብ፤ ጡሩምባ። «ደክሞሻል?» ሳብ፤ ጡሩምባ። ከፊታችን የሚነዱት በመስኮት ጣታቸውን እያወጡ ይሰድቡናል። «ኮንሴንትሬት አድርጊ እንጂ አንቺ ሴትዮ! እንጀራሽን በአፍንጫሽ ስበሽ ልትጨርሺው ነው» ይለኛል። ራሱስ አያደርገውም? አንድ ቀን፣ አንተ ራስህ ክፍል ውስጥ ይህን ታቆማለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ትንፋሹን ሳበ፣ ሁለታችንም ሳቅን። እሱ የሚያስተምረው ትልልቆቹን ነው፣ ማንም አፉን አያየውም። ቤት ደግሞ ናዖድ ነበር፤ «ማም፣ ዩ ዲድ ኢት አጌን» እያለ ይቆጣኛል። ልማዱ በሚያዝያ መጨረሻ ተወኝ። አዎን ለማለት አፌን ከፍቼ «ዬስ» የምል ሰው ሆንኩ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እሱንም ሳልል እስከ አምስት የምቆጥር።

ካረን በቀጠሮዋ መጣች፣ ካሜራዋን ጥግ ላይ ተከለች። መቀነስ ነበር የማስተምረው። ከሠላሳ ሁለት ላይ ሰባት ሲነሳ ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ያውቁታል፣ ልጅ እዚህ ላይ ከሁለት ሰባት እንቢ ሲለው ገልብጦ ከሰባት ሁለት ይቀንስና ሠላሳ አምስት ይላል። ኪያናን ከዚህ ስሕተት ለማውጣት ወሩን ሙሉ ለፍቼባታለሁ፤ በክብሪት እንጨት አስሬ፣ ፈትቼ፣ አሳይቻታለሁ። እጇን አወጣች። «ሃያ አምስት» አለች። ልክ ነው።

በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ፊቴን ምንም እንዳይል ያዝኩት። ኪያና አፌን አየችው። አንድ፣ ሁለት። አሁንም አየችው። እሷ እንደለመደችው እንዲህ ያለ ዝምታ የሚመጣው ስትሳሳት ብቻ ነው። ሦስት ላይ ያወጣችውን እጇን አወረደች፣ አራት ላይ ወረቀቷን አጎንብሳ አየች፣ አምስት ሳልል፣ «ሠላሳ አምስት?» አለች። ሃያ አምስቱን በላጲስ ስታጠፋ አየኋት። ካሜራው እየቀረጸኝ ነው። በተማርኩት መሠረት፣ «አመሰግናለሁ ኪያና፣ ሌላ ሐሳብ ያለው አለ?» ብዬ ወደ ጎረቤቷ ዞርኩ። ሰዓቱ እስኪያልቅ እጇን ደግማ አላወጣችም።

ካረን ስትጨርስ እጆቼን ጨበጠቻቸው። «ምን ያህል እንደተለወጥሽ! ያ ዝምታ፣ ያ እርጋታ!» አለችኝ። ልጅቷ እኮ መጀመሪያ ልክ ነበረች አልኳት። «አውቃለሁ፤ ግን መልሱን በፊትሽ አልሰጠሻትም፤ መታገል አለባት» አለች። እኔ የማውቀው ኪያና ታግላ እንደጨረሰች ነው። ይህን ልናገር ፈልጌ ነበር፣ ግን ወረቀቱ ላይ «አልፋለች» ብላ ጽፋ እየፈረመች ስለነበር ዝም አልኩ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣች። ቪዲዮው በመስከረም ለሚገቡት አዳዲስ ሠልጣኞች እንዴት እንደሚታገሡ ማሳያ ይሁን፣ ፈቃድሽን ስጪን አለችኝ። ፈረምኩ። ለልጅቷ ደግሞ እናቷ ፈረመችላት፤ መምህሯ በመዳኗ ደስ ብሏት ነው አሉ።

እንግዲህ የሚፈልጉት ያለበትን የሥልጠናችንን መጽሐፍ በዘነቡ እጅ ልኬዋለሁ። ዘነቡ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከዳብሊን ከተማ ወደ አገር ለእረፍት የምትመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት። በር ላይ ስለ መቀበሉና በልጆቹ መሐል ስለ መራመዱ የሚለውን እንዳለ ያስተምሩት፣ ይረዳቸዋል። እስከ አምስት የመቁጠሩ ነገር ያለበትን ምዕራፍ አላጠፍኩትም፣ አልቀደድኩትምም። አንብበው እርስዎ ይፍረዱ።

ጋሼ አባተን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ዓይናቸው ሲሻላቸው በገዛ እጃቸው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። ለፍሬምናጦስ ጫማው በዘነቡ እጅ እንደሚደርሰው፣ ቁጥሩ ካልሆነው ለወንድሙ ለጋሻው እንዲሰጠው ይንገሩልኝ። ጋሻውንም ግንባሩን ይሳሙልኝ። መቅደስ እንደ አክስቴ መምህር ልሁን ብላለች ብለው ጽፈውልኛል፤ ደስ ብሎኛል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፣ ግን ትግባ። ጎረቤቶችን ሁሉ በስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ለእርስዎ ጤናውን ይስጥልኝ።

እህትዎ ሀረገወይን

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሰኔ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.