በነፍስ ወከፍ አንድ ማንኪያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ቴሶክ፦

በሰው አገር ከመሬት በታች ወርደህ ከሰል የምትቆፍር ሰው ነህና ደህንነትህን እስክሰማ ልቤ አያርፍም። እንደምን ከርመሃል? ያ ሳል ለቀቀህ? የጀርመኖቹን ምግብስ ለመድኸው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ግን ደህና ናት ብዬ ልዋሽህ አልችልም፤ ብርዱ ካለፈ ወዲህ ተኝታለች።

የላክኸው ገንዘብ መርፌውን ገዝቷል። ሐኪሙ ግን «ካልበላች መርፌው ብቻውን አያድናትም» አለኝ። ጊዜው እንደምታውቀው ክፉ ነው፤ ሩዙ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፣ ገብሱ ገና አላሸተም። እሷም በዚህ ቀን፣ ሩዝ ከመታጠቡ በፊት በነፍስ ወከፍ አንድ ማንኪያ አንስታ ለቤተ ክርስቲያን ከረጢት መጨመሯን አልተወችም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከምንጣፏ እየዳኸች ትወጣ ነበር፤ ማንኪያውን እኔንም አታስነካኝም። «እኔ በገንዘብ ልስጥላት፣ እሷ ሩዟን ትብላ» ያልኸውን ባነብላት፣ «የሱን እሱ ይስጥ። የኔን ማን ይሰጥልኛል?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ባለፈው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከየቤቱ ከረጢት የተሰበሰበው የወሩ ሩዝ ለእኛ ቤት እንዲሰጥ ወሰኑ። ሩዙን የምትሰበስበው እትዬ ፒልሱን ተሸክማው መጣች። እማዬ ስታየው እንደ ተሰደበ ሰው ተቆጣች። «የእግዜርን ድርሻ መልሼ ልብላ? ውሰጂልኝ! ለቸገረው ስጪ!»

የእትዬ ፒልሱንን አፍ ታውቀዋለህ። «አንቺ የቴሶክ እናት! ከአንቺ ወዲያ ችግረኛ ከየት ላምጣ፣ ከጃፓን? የስንቷን ሴት ምጥ ስትጠብቂ አደርሽ፤ እጅሽንም እንቅልፍሽንም ሰጥተሽ አንድ ቀን ዋጋ ተቀብለሽ ታውቂያለሽ? እግዜር ሩዝሽን መቀበል እንጂ አንቺን ማብላት አይችልበትም? ይሄ ገላሽስ የማን ነው? እሱም አደራ ነው፣ በረሃብ ገድለሽ ልትመልሽለት ነው?» አለቻት።

እማዬ ስትሸነፍ አይቻት አላውቅም ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «መስጠቱ ይቀል ነበር፣ ፒልሱን» አለች። እኔም እዚያው አለቀስሁ።

ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ቶሎ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ከመጣው ሩዝ ላይ የእሷን አንድ፣ የእኔን አንድ ማንኪያ አንስቼ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርሁና በቀረው ሩዝ ላይ ውኃ ልደፋ ስል፣ በሩ ክፍት ነበርና ከተኛችበት ተጣራች።

«ሁለት ብቻ? የቴሶክስ?»

«እሱ እዚህ አይበላም እኮ፣ እማዬ።»

«ምነው፣ ልጄን ቀበርሽው እንዴ?»

ወንድም ጋሼ፣ ከሄድህ ጀምሮ በየማዕዱ ያንተንም ማንኪያ ስትሰጥ እንደ ኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስተኛውን ጨመርሁ። አፏን የከፈተችልኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬም ትንሽ ትንሽ ትበላለች።

እትዬ ፒልሱን «ሳይወፍር እንዳይመጣ» ብላሃለች። አብሮህ ለሚያድረው ለዱሺክ ሰላም በልልኝ፤ እናቱ ደህና ናት። እማዬ ዓይንህን ስማለች፤ «ለትርፍ ደመወዝ ብሎ እሑዱን እንዳይሸጥ፣ ይጸልይበት፣ ይተኛበት» ብላሃለች። እኔ ደግሞ ከቀኖችህ ጥቂቱን ለእሷ እንድታስቀምጥላት እለምንሃለሁ፤ ሳይመሽ ና።

እህትህ ኦክቡን
ኮህንግ፣ ሜይ 4 ቀን 1966