ከሜልበርን ነቀምት፣ አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል

ለተከበራችሁ የከተሞችን የበረራ ርቀት አስልታችሁ ለሕዝብ ለምታሳውቁ የድረ ገጽ ባለቤቶች
ባላችሁበት

ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ የተሟላ፣ ቤተሰባችሁም ሁሉ በአንድ ከተማ የሚኖር እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ የነቀምት ባኬ ጃማ ነዋሪና የጂኦግራፊ መምህር የሆንኩት ጋሩማ ታፋ ምስጋናና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እናቴ አዴ ወርቂቱ አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሜልበርን የኖረችው እህቴ ሜቲ ደውላ «ሃርሜ እንዴት ናት? ልምጣ ወይ?» ስትለኝ፣ ርቀቱ አሥራ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል መሆኑን ደቂቃ ሳይሞላ ስላሳወቃችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔም በዚሁ ተማምኜ፣ ሥራሽን አትበድዪ፣ ነይ ባልንሽ ማግሥት እዚህ ነሽ አልኳት።

ሁለተኛ፤ እናቴ ያረፈች ዕለት የእድራችን ዳኛ ኦቦ ሞሲሳ ቀብሩ መቼ ይሁን ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለሜቲ ተደውሎላታልና ነገ ዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለች፣ ያኔ ይቀበር ብዬ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቁጥራችሁን አስታወቅሁ። ኦቦ ሞሲሳ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ናቸውና «መምህር፣ ልጅቷ ትኬት የምትቆርጠውስ መቼ ነው? ከአዲስ አበባ ወዲህስ በባኮ በኩል መኪና አይደለም?» አሉኝ፤ በትሕትና አረምኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ተማሪ የምመክር ሰው ነኝ። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜቲ ስትደውል ገና ትኬት ፍለጋ ላይ ነበረች። ለቀስተኛው ግን ከአርጆም ከኑኑ ቁምባም መጥቶ ተሰብስቧል፤ ማን ይመልሰዋል? ቀበርናት። ሜቲ በአራተኛው ቀን ደረሰች። ስሌታችሁ እንከን የለውም፤ ጥፋቱ ወፍ ሆና ያልተፈጠረችው የእህቴ ነው።

ሦስተኛው እናንተን አይመለከትም፤ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው የምጽፍላችሁ። በመጨረሻው ሳምንት እናቴ «ሜቲ ሩቅ ናት?» ብትለኝ፣ አሥራ አምስት ሰዓት ናት አልኳት። እሷ ልጄ ተነስታለች ብላ ያዘችው። አልጋዋን ወደ በሩ አስዞረች። ሲነጋ «አሥራ አምስት ሰዓቱ አልሞላም?» አለችኝ፤ በማግሥቱም እንደዚሁ። ኦቦ ሞሲሳን ለማረም የፈጠንኩት ሰው እናቴን አላረምኳትም። ለሜቲም ደውዬ ነይ አላልኳትም።

እንግዲህ ተራራም ወረፋም የማያውቀውን ቀጥተኛ መስመራችሁን እያደነቅሁ፣ ለፈጣን አገልግሎታችሁም አንገቴን ደፍቼ እጅ እየነሳሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ
ጋሩማ ታፋ፣ ከነቀምት

ማስታወሻ፤ በገጻችሁ ግርጌ «የትኬት፣ የጥበቃና የየብስ ጉዞ ጊዜ አልተካተተም» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ እንዳለ ሜቲ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ አሳየችኝ። አላየሁትም አልኳት። በመጀመሪያው ቀን አንብቤዋለሁ። ያን ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ልጅ ማለት ጋሩማ ነው፣ እናቱን ብቻውን አስታመመ» ይል ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።