በአፍ የሚያዝ ስፒል

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አለሁልሽ።

ሥራ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሥራው እንዳለ ነው፤ እኔን ግን ልብስ ስፌት አስጠልቶኛል። አለቃዬን ሽማግሌውን ታውቂው የለ? ደንበኛ ሲለካ ስፒሎቹን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል። ከዚያ ከነምራቁ ያቀብለኛል፤ እኔም ተቀብዬ አፌ ውስጥ እከታለሁ። ጣታችንን ሲወጋን ደሙን መጠጥ አድርገን እንቀጥላለን። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልቀፈፈኝም ነበር። አሁን ሲያቀብለኝ ፊቴን አዞራለሁ። ባለፈው «ለእኔ ሳህን ላይ አድርግልኝ» ስለው፣ «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጌታ የሆንከው?» ብሎ ሳቀብኝ። አሳሳቁ ራሱ ቀፈፈኝ።

ሌላ ወሬ የለም። ትንሽ ድካም ቢጤ ተሰምቶኝ ደም ተመርምሬ ነበር። ሐኪሟ የጉበትህ ኢንዛይም ከፍ ብሏል አለችና፣ «መጠጥ ታበዛለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔና መጠጥ! ምክንያቱ አልታወቀም ብላ እንደገና ደም ወሰደች፤ ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። ተራ ነገር ነው፤ ለእማዬ ስትደውዪ እንዳታነሺባት።

እማዬ ደህና ናት፤ አኩርፋኛለች እንጂ። ብርጭቆዬንና ማንኪያዬን ለብቻ ማስቀመጤን አይታ፣ «ወልጄ አሳድጌህ ተጸየፍከኝ» ትላለች። እሷን እንዴት ብዬ ልጸየፍ!

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ ልጆቹን አንቺው ሳሚልኝ። ፖስታ መክፈት ይወዳሉ ብለሽኝ ነበር፤ ይክፈቱት። በምላሴ አይደለም ያሸግሁት፣ በውሃ ነው።

ወንድምሽ