ሰዓቱ ያልተጻፈበት ደም

ሚያዝያ 3
«በደምዎ ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን 21 ስለሆነ ከፍተኛ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጠዋትና ማታ የሚወስዱትን ከ4 ሚሊ ግራም ወደ 2 ይቀንሱ።»
ከክሊኒኩ በስልኬ የገባ መልእክት። ታክሮሊመስ ሰውነቴ የተተከለልኝን ኩላሊት እንዳይገፋ የምውጠው ኪኒን ነው። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ስም የለው፣ ፊርማ የለው።
አዲሱ ኩላሊት ከገባልኝ ዛሬ አስራ ዘጠኝ ቀን። ሌላው ደህና... ቁስሉ ደርቋል። ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚለው ክሬቲኒን 1.2 ብቻ ነው።
ከክሊኒክ ስመለስ እህቴ ደወለች። ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ወዲህ «ልጄ» እያለች የምትደውለው ለኩላሊቱ እንጂ ለእኔ አይደለም።
«ወንድምጋሼ፣ ልጄ እንዴት አደረች?»
«ደህና አድራለች።»
«በነገረኛነትህ እንዳታስመርራት! እኔ ዘንድ አርባ አራት ዓመት በሰላም ነው የኖረችው።»
ስስቅ ስፌቱን አመመኝ።
ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 2 ሚሊ ግራም ዋጥኩ።

ሚያዝያ 4
21 ከየት መጣ?
ደም የሚሰጠው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው፤ ከተዋጠ በኋላ መጠኑ ለሰዓታት ከፍ ይላል። ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሻለሁ። ደም የምትቀዳው ልጅ ማሽን ተበላሽቶባት ትነታረካለች።
«ጋሼ፣ ሰዓትዎ እንዳያልፍ መድኃኒቱን ይዋጡት። ደሙን ቆይተን እንወስዳለን።»
«ሳልውጥ ነው የተባልኩት።»
«ችግር የለውም አልኩዎት እኮ!»
ሁለት ሰዓት ላይ ዋጥኩ። ደሙ የተቀዳው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ያኔማ 21 ባይሆን ነበር የሚገርመው!
ክሊኒኩ አራት ጊዜ ደውዬ ደሙ ከዋጥኩ በኋላ እንደተቀዳ ተናገርኩ። «ሐኪሙ ያዩታል።» እስከዚያስ? «የታዘዙትን ይውሰዱ።»
ወሰድኩ።

ሚያዝያ 7
የደወለ የለም። 2 ጠዋት፣ 2 ማታ።

ሚያዝያ 10
ቀጠሮ። ዛሬ ሳልውጥ ደም ሰጠሁ። መጠኑ 3.1። ቢያንስ ስምንት መሆን ነበረበት። ክሬቲኒን 2.3።
ሐኪሙ የበፊቱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አገላበጠው።
«ደሙ የተወሰደበት ሰዓት አልተጻፈም... ከዋጡ በኋላ መሆኑን ማን ያውቃል?»
«እኔ አውቃለሁ!» ጮህኩ።
«ታዲያ ለምን ቀነሱት?»
...
ሃያ ስድስት ዓመት የወንዞችን ውሃ ልክ አስመዘገብኩ። ሰዓት ያልተጻፈበት ልኬት ይዞ የመጣ ሠራተኛ ፊት ወረቀቱን ቀድጄ አውቃለሁ። ለራሴ ደም ሲሆን ግን? በጽሑፍ መጣ፣ ታዘዝኩ።
አስተኙኝ። በመርፌ ከኩላሊቱ ናሙና ወሰዱ። ማምሻውን ውጤቱ መጣ፤ ሰውነቴ ኩላሊቱን አልቀበልም ማለት ጀምሯል።

ሚያዝያ 14
ሦስት ቀን በደም ሥር ጠንካራ መድኃኒት ሰጡኝ። ክሬቲኒን 2.1። «የተጎዳው ላይመለስ ይችላል» አለ ሐኪሙ።
እህቴ ደወለች።
«ልጄስ?»
«ደህና ናት።»
«ወንድምጋሼ... አንተ እኮ ውሸት አትችልበትም።»
ዘጋችው።

ሚያዝያ 15
አልደወለችም።
ለክሊኒኩ ኃላፊ ጻፍኩ። ግልባጩ፦
«ሚያዝያ 3 የተላከልኝን ትእዛዝ የጻፈው ማን ነው? ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ሳይታወቅ መድኃኒቱ በግማሽ እንዲቀንስ የወሰነውስ? ሚያዝያ 4 አራት ጊዜ የተናገርኩትን ማን ሰምቶ ለማን አስተላለፈ? እኔም ጥፋት አለብኝ። ስህተቱን እያወቅኩ ስድስት ቀን ሙሉ ግማሹን ውጫለሁ። ይህን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የእናንተን መልስ ደግሞ በጽሑፍ፣ በስምና በፊርማ፣ እስከ ሚያዝያ 25 ድረስ እንድታደርሱኝ እጠይቃለሁ። ኩላሊቷን ለሰጠችኝ እህቴ በቃል የምመልሰው እኔ ነኝ።»