ሽማግሌዎቹ ስም አልጠሩም

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የአዲ አርቃይ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ቁስቋም ማርያም ክብሯ ይስፋና አለን፤ የአባባ ጉልበት በክረምቱ አስቸግሯቸው ነበር፣ ፀሐይ ሲወጣ ተሽሏቸዋል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብል እዋሻለሁ። ስቀመጥ መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያምረኛል። አንቺም ስልክ አታነሺ!

ኪዳነወልድ ሽማግሌ መላኩን ሰምተሻል። ያልሰማሽውን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ቆሙ እንጂ ስም አልጠሩም። አባባም እሺ ብለው፣ ቤት ያለሁት እኔ ነኝና፣ ጠርተው ጉልበት ሳሚ አሉኝ። ሳምኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ኪዳነወልድ ወፍ ላሳይሽ ብሎ ወደ መናፈሻው ወሰደኝ። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አስጎብኚነቱ ቀዝቅዞ የሚያሳየው ሰው ናፍቆታል። አክስታችን ይርገዱ ልትጠብቀን መጥታ አግዳሚው ላይ እንቅልፏን ትለጥጠዋለች። አደዩ ፈክቷል፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል። ሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቴ ላይ ሲያጠልቅልኝ ማንገቻው ሁለቴ ከእጁ አመለጠ። ብርዱ ነው አለኝ። እኔም ብርዱ እንዳልሆነ አውቄ ደስ አለኝ፤ ሞኝ አይደለሁ!

ወዲያው ያ ጥቁርና ነጭ ወፍ ጭራውን እየነቀነቀ ሲመጣ፣ «ዲያቆኑ መጣ!» አለ። ክው አልኩ። ያንን ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ማን ነገረህ ብዬ ያዝኩት። ሣር ሣሩን እያየ፣ «ሽማግሌ የላክሁት ለእህትሽ ነበር» አለኝ። «አንቺን መርቀው ሲመለሱ ምን ብዬ ልናገር? አባትሽን ላሳፍር? አንቺንስ?» ይሉኝታ ሊገድለው ነው። ይኼኔ ይርገዱ ነቅታ ወፉን አያችሁት ወይ አለች። አየነው አልኳት።

ወሬውን ከሰማሽ ወዲህ ስልክ የማታነሺው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። እሱ በይሉኝታ እኔን ሊያገባ፣ አንቺ በኩራት እዚያ ልትቀሪ! ጉድ እኮ ነው።

ለአባባ አላገባም ብያቸዋለሁ። ተቆጥተው እራት ሳይቀምሱ አደሩ። ሲበርድላቸው ታላቂቱ ሳለች ታናሺቱ አትዳርም እላቸዋለሁ፤ ወግ የሚወድ ሰው የሚረታው በወግ ነው። ብቻ ለመስቀል ሳትመጪ እንዳትቀሪ። ለእኔ አታስቢ፤ በእኔ ዕድሜ ባል አይታጣም።

መነጽሩን በሾፌሩ በሐምዛ እጅ ልኬልሻለሁ። ኪዳነወልድ መልሺ አላለኝም፤ ያዢው ነው ያለኝ። በየማለዳው እየሄድኩ ዲያቆኑን ሳይ ነበር። ትናንት ግን ወፉ እግሬ ሥር ሲንጎራደድ፣ እኔ መነጽሩን ኪዳነወልድ ወደሚገባበት የመናፈሻው በር አዙሬ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ስለዚህ ቶሎ ተቀበይኝ።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ በደህና ያግባሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።

ጉልበት ስማ የተመረቀችልሽ
ታናሽ እህትሽ