ሲመጣ አይያዙት ብላችሁ በሩን ለቆለፋችሁብኝ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ ከምግብ በኋላ ያለውም ነገር ሁሉ እንደ ፈቃድዎ ይሁንልዎ። የእኔን ከጠየቁ ሆዴ ደርቋል። የምትጽፍልኝ ልጄ ቃሉን ላለስልሰው ብትለኝ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ እንደተናገርኩት አስጽፌያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ድንጋይ ጠርቤ፣ ግንብ አቁሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ምስጋናዬ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ለወገቤ ስለሰጣችሁኝ ጠንካራ ክኒን አመሰግናለሁ። ወገቤ ተኛ፤ ሆዴም አብሮ ተኛ። ክኒኑ ሆድ እንደሚያደርቅ አንድ ሰው ትንፍሽ ቢል ኖሮ የሕክምናው ክብር ይቀንስ ነበር መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ በተመላለስኩ ቁጥር ምን እንደበላሁ ብቻ እየጠየቃችሁ ሆዴን ትታችሁ ጓዳዬን ስለመረመራችሁልኝ ውለታችሁ አለብኝ። ባለቤቴ በወጧ ተከስሳ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ናት።

ሦስተኛው የምር ነው። አንዲት ነርስ ምን ክኒን እንደምውጥ ጠየቀችኝ። ሐኪሙን አነጋግራ አስለወጠችልኝ። ውሃ እንድጠጣ፣ አትክልትና ጥራጥሬ እንዳበዛ፣ እንድራመድ፣ ከቁርስ በኋላ መጸዳጃ ቤት እግሬን በርጩማ ላይ አሳርፌ ሳላምጥ እንድቀመጥ መከረችኝ። ደም ካየሁ፣ ወይም ሆዴ ተነፍቶ ካስመለሰኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ። ከሁሉ በላይ ግን ሲመጣ እንዳልይዘው አደራ አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ሆዴም እሺ ማለት ጀመረ።

አራተኛ፣ በቀጠሮዬ ቀን አግዳሚው ላይ ወረፋ እየጠበቅሁ ሳለ ያ ስለምነው የከረምኩት እንግዳ መጣ። ወደ መጸዳጃው ሄድኩ። ተቆልፏል። ዘበኛው ለሠራተኛ ብቻ መሆኑን፣ ቁልፉ በእርስዎ ኪስ፣ እርስዎም በስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና አስረዳኝ።

ያን መጸዳጃ ማን እንደገነባው አይዘነጉትም። ወገቤ የተቀጨው እዚያ ነው። ሽማግሌ ነኝና ይቅርብኝ ስል፣ አባባ፣ ለሕመምተኛው እኮ ነው ብለው የለመኑኝ እርስዎ ነዎት። ቃልዎን አምኜ ድንጋዩን አነሣሁ። ያን ቀን ግን በገዛ ግንቤ ሥር ቆሜ ያዝኩት። ተቀይሞ ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ሕመሙን እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ እርስዎን ማመኔ ነው።

ደጅዎ እንደተከበረ፣ ቁልፍዎ ከኪስዎ ሳይወጣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የመጸዳጃዎ ግንበኛ፤ ትናንት አባባ፣ ዛሬ ባለጉዳይ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ነርሷ ያለችኝን ሁሉ አድርጌ፣ ውሃዬን ጠጥቼ እመጣለሁ። እንግዳው ከመጣ በእርስዎ ስብሰባ አላስጠብቀውም። ያን በር የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ በየት በኩል እንደሚወልቅም አውቃለሁ።