የመርሻ ቋጠሮ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 2 ሰዓት።

ግሪሳው ከንጋት ጀምሮ ማሽላው ላይ ነው። የመጠበቅ ተራው የመርሻ፤ ገና አልመጣም። በማሳችን ድንበር ላይ ያለውን ማማ የሠራው እሱ ነው፣ ጎረቤቴ። አራት እግር፣ ላዩ ርብራብ፣ ማሰሪያው የበሬ ጠፍር። እኔ የቋጠርኩትን ዝሆን አይፈታውም እያለ ሲጎርር ሦስት ዓመቱ። አንቺ ደብተር፣ ለማንም አትንገሪ፤ ዛሬ እኔ ዝሆን ሆኛለሁ። የኋለኛውን እግር ቋጠሮ አላላሁት። ጨርሼ አልፈታሁትም፤ እንዲንገዳገድ ያህል ብቻ። አሁን ቁልቋሉ ሥር ተቀምጬ መርሻን እጠብቃለሁ፤ ሲንገዳገድ ሲጮህ እሰማለሁ። ሰዎች በዚህ ዕድሜው! ካሉኝም ይበሉ። ጥርሴ አልቆ ሳቄ ብቻ ቀረ፣ ምን ላድርግ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13።

መርሻ ለካ ቅዳሜ ዋጃ ለቅሶ ሄዶ ኖሯል። ተራዬን ሸፍንልኝ ብሎ ለልጄ ለሁሴን ነግሮታል። ማማው ላይ የወጣው ሁሴን ነው። ወንጭፉን ሲያሽከረክር ማማው ወደ ኋላ ሄደ። ከነርብራቡ ወረደ። ታች ድንጋይ ነበር። ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ዳሌውም ተጎድቷል አሉ። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ቆቦ ጤ/ጣቢያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ደሴ። ሚስቱ ዘሀራ አብራው ናት። ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው። ትንሿ፣ አባባ ዛሬ ለምን አይቀልዱም አለችኝ። አሞኛል አልኳት። ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት።

ዘሀራ በሱቁ ስልክ ደወለች። ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጭኑ ውስጥ ብረት ይገባል፤ ብረቱን ግዙ ተብለዋል። ፍየሎቹን ሽጡ አለች። ተሸጡ። ቅሬው፣ የለቅሶ ዕድራችን፣ አዋጣ። አልሞላም። ግመሌን ማንም አላነሳም። የሽማግሌ ግመል ስለሆነች ነው። እኔም አላነሳኋት። ሐጅ የሚያደርሰኝ የእሷ ዋጋ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አሞግሼያታለሁ።

መንደሩ የሚያወራው ስለ ቋጠሮው ነው። ጠፍሩን አንስተው አይተውታል። አልተበጠሰም፤ ተፈትቷል። እንግዲህ የመርሻ ቋጠሮ ተፈታ፣ አለቀ ይላሉ። መርሻ በሰው ማሳ የሠራቸውን ማማዎች ሁሉ እየዞረ ሲያፈርስ ዋለ። ሌላ ሰው እንዳይወድቅብኝ ይላል። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ስለ ዝናብ አወራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17።

ከጁምዓ መልስ ግራሩ ሥር ሽምግልና ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ማማ የሠራ ሰው፣ ማማው ሰው ከጣለ ማሳከሚያውን ይካፈላል። ክርስቲያን ሆነ እስላም ደንቡ አንድ ነው። የተጎጂው አባት ነኝና ልነሳ አልኩ። አይሆንም፣ ይቀመጡ አሉኝ። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ፤ ትልቁ ካልመረቀው ፍርዱ አይጸናም። መርሻ እንደ ጥፋተኛ ደንብ እርጥብ ሣር ይዞ ቆመ። አልተከራከረም። ጥፋቱ የእጄ ነው አለ። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራውን፣ ሸጦ ይስጥ ተባለ። በአንድ በሬ እንዴት እንደሚያርስ የጠየቀ የለም። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

እጄን ዘረጋሁ። መረቅሁ። አሚን አሉ። መርሻም አሚን አለ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

እሑድ፣ ጥቅምት 19።

የሁሴንን ማሽላ የሚጠብቀው መርሻ ነው። ማማ የለም። መሬት ላይ እየሮጠ ቆርቆሮ ይመታል። ጎህ ሲቀድ ለሁሴን ልጆች ወተት አመጣ። አያ እንድሪስ፣ ምነው ቀልዱ ጠፋ፣ እኔን ደካማ ቋጣሪውን ይስደቡኝ እንጂ፣ አንጀቴ ይራሳል አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው፣ ወተቱ ውሃ በዝቶበታል የሚል ነው። ከልቡ ሳቀ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21። ከደሴ መልስ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ሁሴንን አየሁት። እግሩ በገመድ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ላይ ክብደት አለ። ከስቷል። ብረት ከገባልህ እንግዲህ ስታመም የሚያይህ ሐኪም ሳይሆን የባጃጅ ጋራዥ ነው አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ አሳመመው። ዘሀራ በዓይኗ ገሰጸችኝ። ከዚያ እጄን ያዘ። የመርሻን በሬ እንዳትቀበሉ፣ አባባ፤ የእሱ ቋጠሮ አይፈታም፤ እኔ ነኝ ስወነጭፍ የወዘወዝኩት አለ። ደሞ እንዲህ አለ፦ ስወጣ አይቼዎት ነበር፣ ቁልቋሉ ሥር ሆነው ይስቁ ነበር፣ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁ።

ደብተሬ፣ ሰኞ ለት ያልጻፍኩልሽ አለ። ሲወጣ አይቼዋለሁ። መርሻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ሁሴን ውረድ ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። እሱም ይንገዳገድ፣ አብረን እንስቃለን ብዬ ዝም አልኩ። እጁን ሲያነሳልኝ አፌን በጋቢ ሸፈንኩ። ሳቄ እንዳይሰማ።

ከቆቦ በፊት ያለችው ሮቢት ደረስን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ አባቴ አመመዎት ወይ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

ዛሬ ገበያ ነው። ሱብሒ ሰግጄ ግመሏን ከበረት አወጣኋት። አፏን ወደ ትከሻዬ አስጠጋች፤ የምንጫወት መስሏታል። የሁሴንን ብረት እሷ ትገዛለች። ቦራው ወደ ጥማዱ ይመለሳል። የዓርቡን ምርቃት አፌ ያፈርሰዋል፣ ግራሩ ሥር፣ ሣሩን ይዤ የምቆመው እኔ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ብሎ የሚጠራኝ ካለ አያለሁ። ደሴም ተመልሼ ለሁሴን እነግረዋለሁ። እሱ ነው የሚከብደው።

መጀመሪያ ግን መርሻ። ይኸው በሬውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ዋጋ ሲከራከሩ እንደርስዎ የለም፣ አብረን እንሂድ ብሎ ነው የመጣው። የበሬውን ገመድ አየሁት። አንዱ ቋጠሮ ላይ ሌላ፣ እሱ ላይ ደሞ ሌላ፤ ሦስት ጊዜ ቋጥሮታል። እጁን አያምነውም።

ምን ይጽፋሉ፣ ገበያው ያልፈናል ይላል። ግባና ተቀመጥ፣ መርሻ አልኩት። የሆነ ተንኮል አስበው ነው አለና መሳቅ ጀመረ። ገባ። እስክሪብቶዬን እያየ ነው። ቅዳሜ ለት የጻፍኩትን ገጽ ገልጬ ላነብለት ነው።